የሁለቱ እህትማማቾች ታሪክ ምን ዓይነት ታሪክ ነው?

የማታ ጸሐፊ (የውይይቱን ክር የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። እጄ ላይ ያለውን ጽሑፍ ምን ብዬ እንደምጠራው ስላልለየልኝ ነው ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት። የስም ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ስሙን ሳልለይ ወደ ቀጣዩ ገጽ መሄድ አቅቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት እህትማማቾች አሉ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ሁለቱንም አሳድጋ አስተምራለች። እናት በሞተች በሳምንቱ መኪናዋ ከቤት ትጠፋለች። ታላቂቱ ታናሿ እንደወሰደቻት ታስባለች፤ ታናሺቱም ታላቋ እንደሸጠቻት። አንዳቸውም አፍ አውጥተው አይጠያየቁም። ውጭ ውጩን ሰላም ናቸው፤ ይገናኛሉ፣ ልጆቻቸው አብረው ይጫወታሉ፣ የመኪናዋን ነገር ግን አያነሱም። ዓመታት ካለፉ በኋላ እውነቱ ይታወቃል፦ እናትየው በሕይወት ሳለች መኪናዋን ስፌት ለምታስተምራት አንዲት ልጅ ሰጥታት ኖሯል። ልጅቷ ከቀብሩ በኋላ መጥታ ስትወስዳት ያስረከባት ቤት ውስጥ የነበረ አንድ የዘመድ ሽማግሌ ነው፤ እሱም እህትማማቾቹ ያውቃሉ ብሎ ስላሰበ ለማንም አልተናገረም።

ታሪኩ ከማውቀው ቤተሰብ የተነሳ ነው፤ ግማሹን ግን እኔው ፈጥሬዋለሁ። አርባ ገጽ ደርሷል። አንዱ ወዳጄ «ይህ አጭር ልቦለድ ነው፤ አሳጥሪው» ይለኛል። ሌላዋ «የወንጀል ምርመራ ልቦለድ አድርጊው» ትለኛለች። ሦስተኛው ደግሞ «እውነተኛ ታሪክ ብለሽ አውጪው፤ ሰው የሚወደው እሱን ነው» ባይ ነው። የታሪክን ዓይነት የሚወስነው ምንድን ነው? ርዝመቱ? እውነት መሆን አለመሆኑ? የሚያነሳው ጉዳይ? ሥራውን የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አርታኢው

እህቴ፣ ሦስቱም ወዳጆችሽ የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ነው። ሦስቱም ካንቺ ጥሬ ነገር ሊወጡ ይችላሉ፤ አንድ ላይ ግን አይወጡም።

የሌሎችን ረቂቅ ማንበብ ሥራዬ ነው። አንድ ጽሑፍ ሲመጣልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው አንባቢው እዚህ ላይ ምን እየጠበቀ ነው የሚለውን ነው። የታሪክን ዓይነት የሚወስነውም ይኸው የአንባቢ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢሽ «መኪናዋን ማን ወሰዳት?» እያለ ገጽ የሚገልጥ ከሆነ የምርመራ ልቦለድ ይዘሻል። «እነዚህ እህትማማቾች ይታረቁ ይሆን?» የሚል ከሆነ የቤተሰብ ልቦለድ ነው። «ጸሐፊዋ ይህን እንዴት ቻለችው?» የሚል ከሆነ ግለ ታሪክ ነው። ስለ ዝምታ ከጸሐፊው ጋር ማሰላሰል የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ወደ ወግ ተጠግተሻል። አንድ ጽሑፍ ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹን ሊያነሳ ይችላል። አንደኛው ግን የሌሎቹ የበላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንባቢው የቱን ይዞ እንደሚሄድ ይጠፋዋል።

የምርመራውን መንገድ ለምን እንደማልመክርሽ ልንገርሽ። ጽቬታን ቶዶሮቭ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ በውስጡ ሁለት ታሪኮችን እንደሚይዝ አሳይቷል፦ የወንጀሉን ታሪክና የምርመራውን ታሪክ። የወንጀሉ ታሪክ መጽሐፉ ሲጀመር አብቅቷል። በዓይናችን ፊት የሚካሄደው ምርመራው ነው፤ በእሱ በኩል የመጀመሪያው ታሪክ ቁርጥራጩ እየተለቀመ ይገጣጠማል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚመረምር ሰው ያስፈልግሻል። ከእህትማማቾቹ አንዷ ልትጠይቅ፣ ልትፈትሽ፣ ሰው ልታናግር ግድ ነው። ያንቺ ታሪክ ጉልበቱ ግን ማንም አለመጠየቁ ላይ ነው። መርማሪ ያስገባሽ ዕለት ዝምታው ይፈርሳል፤ ዝምታው ከፈረሰ ደግሞ የምትጽፊው አይኖርሽም።

ስለ ርዝመት ብዙ አትጨነቂ። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሂስ አጭር ትረካ በአንድ መቀመጫ ተነብቦ የሚያልቅ፣ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገርም አስቀድሞ የታሰበበትን አንድ ስሜት የሚያገለግል መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። አርባ ገጽ በአንድ መቀመጫ ይነበባል። እኔ የምጠይቅሽ አርባውም ገጽ አንድ ስሜት ያገለግላል ወይ ብዬ ነው።

ብራና

እኔ በዚህ አልስማማም። ዓይነት የሚባለው ነገር የሐያሲና የመጽሐፍ ሻጭ ጉዳይ ነው። ጸሐፊ ይጻፍ፤ ስሙን ሌላ ሰው ያውጣለት። ገና ሳይጨርሱ «ይህ አጭር ልቦለድ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ መሆን አለበት» ማለት ታሪኩን በቁመቱ ሳይሆን በሌላ ሰው ልክ መቁረጥ ነው። የማታ ጸሐፊ፣ ዝም ብለሽ ጨርሺው።

መምህር ነኝ

ብራና ያነሳው ተደጋግሞ የሚነሳ ነውና በቸልታ አላልፈውም። ግን የታሪክ ዓይነቶች ከሐያሲያንም ከመጽሐፍ ሻጮችም በፊት ነበሩ። ጽሑፍ በሌለበት እንኳ ሰዎች ታሪክ ሲነግሩ ዓይነቱን ይለያሉ፤ አድማጩም ምን ዓይነት ታሪክ እየሰማ እንደሆነ ያውቃል።

ዊሊያም ባስኮም የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1965 የቃል ትረካዎችን በሦስት የከፈለበት መንገድ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምጀምርላቸው ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ስለ ይዘቱ ብቻ ሳይሆን ስለሚሰማው ሰው እምነት ጭምር ነው። ተረት ተናጋሪውም አድማጩም ፈጠራ መሆኑን ተስማምተው የሚያወጉት ነው፤ ጊዜውና ቦታው የትም ሊሆን ይችላል። አፈ ታሪክ እንደ እውነት የሚነገር ነው፤ የሚሆነው በቅርብ ዘመን፣ እኛ በምናውቃት ዓለም ውስጥ ሲሆን ባለታሪኮቹ ሰዎች ናቸው። ሐተታ ተረት ደግሞ በባለቤቶቹ ዘንድ እውነትም ቅዱስም ነው፤ የሚሆነው እጅግ በራቀ ዘመን፣ ዓለም ዛሬ የያዘችውን መልክ ሳትይዝ በፊት ነው፤ ባለታሪኮቹም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው በላይ ናቸው።

የማታ ጸሐፊ ፈቃድዋ ከሆነ የእህትማማቾቹን ነገር በሦስቱም ልሞክረው።

በተረት፦ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። ታላቂቱ ሄዳ ትጠይቃታለች፤ አትመልስላትም። ታናሺቱ ሄዳ ትጠይቃታለች፤ አትመልስላትም። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ትመልስላቸዋለች። አድማጩ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ እንደሚፈታ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ማወቁም ደስታውን አይቀንስበትም።

በአፈ ታሪክ፦ «የቤቱ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ሌሊት ሌሊት መኪናዋ ከነበረችበት ማዕዘን የፔዳል ድምፅ ይሰማል ይባላል።» አንዱ ሰው ለሌላው ሲነግረው ስምና ሰፈር ይጨምርበታል፤ እንዲታመንለት ይፈልጋልና።

በሐተታ ተረት፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እህትማማቾች መካከል ዝምታ እንዴት እንደገባ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ ዝምታን ለምን እንደሚያውቅ ይነገራል። እዚህ መኪና አይኖርም። የሰማይና የምድር ነገር ይሆናል።

ብራና፣ ሦስቱን ስታነብ ሰሚው ከእያንዳንዱ የሚፈልገው ነገር እንዴት እንደሚለዋወጥ ልብ በል። ነገሩ ያው ሆኖ ውሉ ሦስት ነው።

ብራና

መምህር፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው፤ ስለ ቃል ትረካ ያሉትንም እቀበላለሁ። ዘመናዊ ልቦለድ ግን እነዚህን አጥሮች ሁሉ አፍርሷል። ዛሬ ጸሐፊ ደብዳቤንም፣ ማስታወሻንም፣ የፍርድ ቤት መዝገብንም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባል።

አርታኢው

ያስገባል። አንባቢው ግን ደብዳቤውን ሲያነብ እንደ ደብዳቤ፣ መዝገቡንም እንደ መዝገብ ነው የሚያነበው። ልዩነቱን ስለሚያውቅ ነው መቀላቀሉ የሚጣፍጠው። አጥሩ ባይኖር ኖሮ መዝለሉም አይኖርም ነበር።

ደንብ ፈጠራን ይገድላል ለሚለው ደግሞ ሩሲያዊውን የተረት ተመራማሪ ቭላዲሚር ፕሮፕን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት አንድ መቶ የሩሲያ ተረቶችን አስተያይቶ በውስጣቸው የሚፈጸሙት ድርጊቶች ከ31 እንደማይበልጡ፣ ቅደም ተከተላቸውም እንደማይለወጥ ደምድሟል። አንድ ሰው ከቤት ይርቃል፣ አንድ ነገር አታድርግ ይባላል፣ ክልከላው ይጣሳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ተረት ሁሉንም አይይዝም፤ የያዛቸው ግን በተራቸው ይመጣሉ። እንዲያም ሆኖ ከእነዚያ ተረቶች አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ጥቁር ቀለም

አዲስ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና «ታሪክ» እና «ሴራ» ለየቅል ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ከዓይነቱ ጋርስ ይገናኛል?

መምህር ነኝ

በደንብ ይገናኛል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ላይ ያቀረበው ምሳሌ እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ ሞተች ካልን ታሪክ ነው፤ በጊዜ ተከታትለዋል፣ በቃ። ንጉሡ ሞተ፣ ንግሥቲቱም ከሐዘን የተነሳ ሞተች ካልን ሴራ ነው፤ አንዱ ሌላውን አመጣው። ታሪክን የሚሰማ «ከዚያስ?» ይላል። ሴራን የሚከተል «ለምን?» ይላል።

በእህትማማቾቹ ላይ ስናየው፦ «እናት ሞተች፤ መኪናዋ ጠፋች፤ እህትማማቾቹ ተቀያየሙ» ታሪክ ነው። «እናት መኪናዋን ለሌላ ሰው መስጠቷን ለልጆቿ ስላልነገረች፣ ልጆቿም የእርስ በርስ ጥርጣሬያቸውን ስላልተናገሩ ተቀያየሙ» ሴራ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው አዲስ ነገር አሳየን፦ ዝምታው ከእናት ነው የጀመረው። ልጆቹ ወርሰውታል። የማታ ጸሐፊ፣ ይህ በረቂቅሽ ውስጥ አለ ወይ?

የማታ ጸሐፊ

መምህር፣ በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር። እናትየው በረቂቄ ውስጥ ደግ፣ ታታሪ፣ ሁሉን የምትችል ሴት ናት። ስለ ዝምታዋ አንድም ቃል የለም። ስጦታውን ለምን እንደደበቀች ማሰብ አለብኝ ማለት ነው።

እመት ብዕር

ልጆቼ፣ እስካሁን ማንም ያላነሳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ተራኪው ነው። ታሪኩን የሚነግረን ማነው? ከየትስ ሆኖ ነው የሚያየው? እኔ እንደማስበው የዚህ ታሪክ ዓይነት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የማታ ጸሐፊ ነገሩን ስታስተዋውቀን ሁሉን አወቅ በሆነ ተራኪ አንደበት ነገረችን፦ ታላቂቱ ታናሿን ትጠረጥራለች፣ ታናሺቱም ታላቋን። ይህን በሰማን ቅጽበት ሁለቱም ንጹሕ መሆናቸውን አወቅን! ታናሺቱ ወስዳት ቢሆን ኖሮ ታላቋን አትጠረጥርም ነበርና። ስለዚህ በዚህ አንጻር «ማን ወሰዳት?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። በምትኩ ሌላ ዓይነት ጭንቀት ይወለዳል፦ እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። አንዷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ስትዘጋው እናዝናለን። ይህ የአሳዛኝ ድራማ መንገድ ነው፤ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ ያውቃል።

ተራኪው በታላቂቱ ብቻ ተወስኖ፣ ያየችውን እያየ፣ ያሰበችውን እያሰበ ቢተርክ ግን እኛም ከእሷ ጋር ታናሺቱን እንጠረጥራለን። የታናሺቱ ደግነት ሁሉ የጸጸት ይመስለናል። ለልጅ ልብስ ገዝታ ስትመጣ «ካሳ መሆኑ ነው» እንላለን። እውነቱ ሲወጣ ታላቂቱ ብቻዋን አትደነግጥም፤ ስንፈርድ የቆየነው እኛም ነንና እኩል እንደነግጣለን። አርስቶትል ስለ ግጥምና ድራማ ባስተማረበት ሥራው የነገር መገልበጥና እውነቱን መለየት በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ከሁሉ የበለጠ ኃይል አላቸው ያለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለች ታላቂቱ ራሷ ብትናገረው ደግሞ ሌላ ነው። አሁን የምትናገረው እውነቱን ካወቀች በኋላ ነው ወይስ በፊት? ካወቀች በኋላ ከሆነ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የአሁኗ ሴት የያኔዋን ትመለከታለች። ወደ ኑዛዜ ይጠጋል።

እንግዲህ አንድ ጥሬ ነገር፣ ሦስት ተራኪ፣ ሦስት ዓይነት ታሪክ። የማታ ጸሐፊ፣ መጀመሪያ ይህን ምረጪ፤ ሌላው ራሱ ይከተላል።

ጥቁር ቀለም

እመት፣ እጅ ነሳሁ። «ሁለቱም ንጹሕ መሆናቸውን አወቅን» ያሉትን ሳነብ ወደ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን መልእክት እንደገና አነበብኩት።

ሰነድ ጠባቂ

ስለ «እውነተኛ ታሪክ» ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልመልስ። የምጽፈው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ፊሊፕ ሌዠን የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ግለ ታሪክ በጻፈው ሥራ ነገሩን እንደ ውል ነው ያቀረበው። በግለ ታሪክ ውስጥ ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ደራሲ፣ የሚተርከው «እኔ» እና ታሪኩ የሚተረከው ባለታሪክ አንድ ሰው ናቸው፤ ደራሲው ለዚህ በስሙ ይፈርማል። የማታ ጸሐፊ ከእህትማማቾቹ አንዷ ስላልሆነች ግለ ታሪክ ልትለው አትችልም። የሕይወት ታሪክ እንዳትለው ደግሞ ግማሹን እንደፈጠረችው ነግራናለች። ስለዚህ «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ማውጣት አንባቢውን ማታለል ነው። ሰው «እውነት ነው» ተብሎ ያለቀሰበት ነገር ፈጠራ ሆኖ ሲያገኘው ቀጥሎ የሚያነበውን የእውነት ታሪክም አያምንም፤ ጉዳቱ ለሁላችንም ይተርፋል።

በዚህ ላይ በሕይወት ያሉ ሰዎች ጉዳይ አለ። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ሲያነብ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። እውነተኛ ታሪክ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም ወገን ማናገር፣ የሚጋጭ ሲሆን መጋጨቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ልቦለድ ከሆነ ሥራቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ የጠፋውን ዕቃ ሳይቀር መለወጥ ይቻላል። ልቦለድ የሚሰጠው ትልቁ ነጻነት ይህ ነው፤ የሰው ገመና ሳይነኩ የሰውን እውነት መናገር።

የማታ ጸሐፊ

ሰነድ ጠባቂ፣ ይህን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። የስፌት መኪናዋን አስቀድሜ ለውጫታለሁ፤ በእውነተኛው ታሪክ የጠፋው ሌላ ዕቃ ነው። ሌላውንም እለውጣለሁ። «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ በኋላ ለእኔ ተዘግቷል።

የእመት ብዕርን ምክር ይዤ ከታላቂቱ አንጻር እንደገና ጀምሬዋለሁ። መኪናዋ መጥፋቷን የምታይበትን ቦታ ልለጥፍ፦

«ታላቂቱ በጣም አዘነች። ከመቼውም ጊዜ የበለጠ ብቸኝነት ተሰማት። እናቷ ትሰፋበት የነበረውን ማዕዘን ባዶ ሆኖ ስታየው ልቧ ተሰበረ። ታናሿ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር።»

ሳትሳሱ ተናገሩኝ።

ብራና

አዘነች፣ ብቸኝነት ተሰማት፣ ልቧ ተሰበረ። ስሜቱን ሦስት ጊዜ ነገርሽን፤ ቦታውን ግን አንድ ጊዜም አላየነውም። መኪናዋ ከቆመችበት ወለል ላይ ምን ቀርቷል? አራተኛው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ጥርጣሬውን አውጥቶ ስለተናገረ ለእኛ የሚተርፈን የለም። እኛው እንድንጠረጥር አድርጊን።

አርታኢው

ብራና ነጥቡን መትቶታል። እኔ የምጨምረው ስለ ፍጥነት ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ዤራር ዤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 የትረካን ጊዜ ሲተነትን ሦስት ነገር ለያይቶ ነበር፦ ቅደም ተከተል፣ ቆይታና ድግግሞሽ። አንቺን የሚጠቅምሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

ቆይታ ማለት ለሆነው ነገር ስንት ገጽ ትሰጪዋለሽ ማለት ነው። ዓመታትን በአንድ መስመር መዝለል ይቻላል፤ አንድን ደቂቃ በሁለት ገጽ ማቆየትም ይቻላል። በላክሽልን ቁራጭ ውስጥ ወሳኟን ደቂቃ በማጠቃለያ ነው ያለፍሽው። እዚህ ላይ መቆም አለብሽ። እህትማማቾቹ ሳይነጋገሩ ያሳለፏቸውን ዓመታት ግን በረቂቅሽ ውስጥ አንድ በአንድ ዘርዝረሻቸው ከሆነ ቁረጫቸው።

ድግግሞሽ ደግሞ እነዚያን ዓመታት የምታሳጥሪበት መሣሪያ ነው። መቶ ጊዜ የሆነውን አንድ ጊዜ መተረክ ይቻላል፦ «በተገናኙ ቁጥር ታናሺቱ ቀድማ ትነሳለች፤ ታላቂቱ እስከ በሩ ትሸኛታለች፤ በሩ ላይ ሁለቱም የሚሉት ያለ ይመስል ጥቂት ይቆማሉ።» ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር አሥር ገጽ ያድናል።

እመት ብዕር

ንግግሩንም አትርሺው። ቋንቋችን በሰዎች መካከል ያለውን ርቀት በመጠሪያ ብቻ ያሳያል። ታናሺቱ ዕድሜ ልኳን «እትዬ» ስትላት የኖረችውን እህቷን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በስሟ ብትጠራት፣ ተራኪው ምንም ሳይል አንባቢው ይሰማዋል። ታላቂቱም ትሰማዋለች። በሌላ ቦታ ደግሞ፣ ከመጨረሻው ገጽ አጠገብ፣ አንድ ጊዜ «እትዬ» የሚለው ሊመለስ ይችላል። ማብራሪያ ግን አትጨምሪበት።

ጥቁር ቀለም

እንደ ጀማሪ ልጠይቅና፣ የግስ አያያዝስ? «ነበር» የሚለው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲመጣ ያሰለቸኛል።

አርታኢው

የትረካ የጀርባ አጥንቱ የተፈጸመውን ድርጊት የሚናገረው ግስ ነው፦ አነሳች፣ ጠቀለለች፣ ዘጋች። «ነበር» ከበስተ ጀርባ ያለውን፣ የቆየውንና የተለመደውን ለማሳየት ያገለግላል። ገጹ በሙሉ በ«ነበር» ከተሞላ ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊት ለፊት የሚሆን ነገር ይጠፋል። ሌላው መሣሪያችን «ተነስታ፣ በሩን ገፍታ፣ ወጥታ ሄደች» እያለ ድርጊቶችን የሚያያይዘው አካሄድ ነው። ይህ ያፈጥናል፤ ድርጊቶቹ ተዛዝለው አንድ ይሆናሉና። አንባቢው በእያንዳንዱ ድርጊት ላይ እንዲቆም ከፈለግህ ለየብቻ አራት ነጥብ ስጣቸው፦ «ተነሳች። በሩን ገፋችው። ወጣች።» ልዩነቱን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ብታነበው ይሰማሃል።

የማታ ጸሐፊ

የተባለውን ሁሉ ይዤ ያንኑ ቦታ እንደገና ጻፍኩት፦

«ወለሉ ላይ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ቀርተዋል። የመኪናዋ እግሮች ለዓመታት የቆሙበት ነው፤ የወለሉ ሰም እዚያ ድረስ ደርሶ አያውቅም። ታላቂቱ ጎንበስ አለች። ከነጥቦቹ መካከል የወደቀ ሰማያዊ ክር አነሳች። በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ፈታችው። ደግማ ጠቀለለችው።

ታናሿ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ ስትመጣ የያዘችው አንድ ነበር።

‹በሩን ልዝጋው?› አለቻት በስሟ ጠርታ።

‹ተይው።›»

ብራና

ሁለት ሻንጣ! አሁን እኔም ጠረጠርኳት።

መምህር ነኝ

እኔም። ግን አንድ ጥንቃቄ፦ የስፌት መኪና ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ብረቱ እግሯ ብቻ የሰው ወገብ ይደርሳል። አስተዋይ አንባቢ ይህን ያስባል። ታላቂቱ ራሷ ይህን አስባ፣ ቢሆንም ጥርጣሬዋን ባትተው የበለጠ ጥሩ ነው። ሰው ሲጠረጥር እንዲህ ነው፤ የማይሆነውን እያወቀ ይጠረጥራል። ሁለተኛው ሻንጣ ውስጥ ያለውንም መወሰን አለብሽ፤ የእናትየው ልብሶች ይመስሉኛል።

የማታ ጸሐፊ

የእናቷ ልብሶች ናቸው። ታናሺቱ ለታላቋ ልጆች አሳጥራ ልትሰፋላቸው የወሰደቻቸው። በኋላ ላይ ሠርታ ታመጣቸዋለች፤ ታላቂቱም ስፌቱን አይታ «በየትኛው መኪና ሰፋችው?» ብላ ታስባለች። ይህ አሁን እየጻፍኩ ሳለ የመጣልኝ ነው!

እንግዲህ ወስኛለሁ። አጭር ልቦለድ ይሆናል፤ በሦስተኛ መደብ፣ በታላቂቱ አንጻር የተወሰነ። ባዶው ማዕዘን ላይ ይጀምራል። ዓመታቱ በአንድ ገጽ ያልፋሉ። አርባው ገጽ ወደ አሥራ አምስት ይወርዳል ብዬ እገምታለሁ። እናትየው ስጦታውን የደበቀችበትን ምክንያትም አግኝቻለሁ፦ ልጆቿ ስፌትን ንቀው ስለተዉት መኪናዋን ለሌላ ብትሰጥ ቅር የሚላቸው አልመሰላትም፤ እንዳትጠይቃቸው ደግሞ «አንፈልጋትም» ሲሉ መስማት ፈርታለች። አንድ ያልተቆረጠልኝ ነገር አለ። እውነቱ የሚወጣው በማን ነው? በልጅቷ ወይስ በሽማግሌው?

ሰነድ ጠባቂ

በልጅቷ ቢሆን እመርጣለሁ። አሁን አዋቂ ናት፣ ሥራ አላት፤ ታላቂቱ ልብስ ልታሰፋ ገብታ መኪናዋን ታያታለች።

እመት ብዕር

ያ እንዳይሆን እፈራለሁ። በከተማው ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ በአጋጣሚ ወደዚያችው መግባቷ የደራሲዋን እጅ ያሳያል። ጡዘቱ፣ ማለትም የታሪኩ ከፍተኛ ውጥረት፣ በአጋጣሚ ከመጣ አንባቢው ይከፋል። አጋጣሚ ችግር ሲፈጥር እንቀበለዋለን፤ ችግር ሲፈታ ግን አንቀበለውም። ከሽማግሌው ይምጣ። ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ጣል ያድርገው፤ ለእሱ ምስጢር አይደለምና።

አርታኢው

ከእመት ጋር ነኝ። ግን ሽማግሌው በመጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት መምጣት የለበትም። በመጀመሪያው ትዕይንት ውስጥ አስገቢው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ታላቂቱ ክሩን ስትጠቀልል እያያት። አንድ ነገር ሊላት ይጀምር፤ ታናሺቱ በሩ ላይ ስትደርስ ይተወው። አንባቢው ለሐዘንተኛ የሚባል ማጽናኛ መስሎት ያልፈዋል፤ ኋላ ግን ንግር፣ ማለትም ለሚመጣው አስቀድሞ የተሰጠ ፍንጭ፣ እንደነበረ ያውቃል። እሱን ትዕይንት ጽፈሽ ላኪልን፤ ሽማግሌው የሚጀምረውን ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ ሁለት ቃል ምን እንደምታደርጊው ማየት እፈልጋለሁ።